«መስመርሽ ሞቷል» ሲሉሽ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄሽን ለሌላውም አንባቢ እንዲገባ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ፒያሳ አካባቢ ማተሚያ ቤት ውስጥ ግራፊክስ ትሠሪያለሽ። ማታ ማታ ደግሞ ስዕል ትማሪያለሽ። የሳልሽውን ጀበና አስተማሪሽ አየና «መስመርሽ ሞቷል» ብሎ አለፈ። በምን እንደሞተም፣ እንዴት እንደሚነሳም አልነገረሽም። «በኮምፒውተር ስሠራው ንጹሕ መስመር ይወጣልኛል፣ በእጄ ስሞክር ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሞተ የተባለው የትኛው ነው? እርሳስ ልቀይር ወይስ ተሰጥኦው የለኝም?» ነው ያልሽው።

እሺ እህቴ። ተሰጥኦ የሚባለውን ነገር ለጊዜው ተይው። እኔ ንድፍ ማስተማር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ እስካሁን ተሰጥኦ አጥቶ መስመር ያቃተው ተማሪ አላጋጠመኝም። የቸኮለ፣ የፈራ፣ ሳያይ የሚስል፣ እሱ ሞልቷል።

ለዋናው ጥያቄሽ ደግሞ፣ የሚንቀጠቀጠው መስመርሽ ታሟል እንጂ አልሞተም። የሞተው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያ «ንጹሕ» ያልሽው ነው። የለጠፍሽውን የጀበና ንድፍ ደጋግሜ አየሁት። ከአንገቱ እስከ ማቶቱ፣ ከሆዱ እስከ እጀታው አንድ ውፍረት፣ አንድ ጥቁረት ነው። እጀታው ወደ እኛ ይምጣ ወደ ኋላ ይሂድ አይታወቅም። ጀበናው ከባድ ይሁን ቀላል፣ ብርሃኑ ከየት ይምጣ፣ ምንም የለም። ሰርግንም ለቅሶንም በአንድ ድምፅ እንደሚያነብ ዜና አንባቢ በይው። ትሰሚዋለሽ፣ ግን የቱ ላይ መደንገጥ እንዳለብሽ አታውቂም።

አስተማሪሽ ያየው ይህን ይመስለኛል። ጭረቶቹ ያሉት ጀበናው እዚያ ስላለ ብቻ ነው። አንቺ ምንም አልወሰንሽባቸውም።

አሁን ከተቀመጥሽበት ቀና በይና አንድ ስኒ ተመልከቺ። ዙሪያውን ጥቁር መስመር አለው? የለውም። ያለው ስኒው የሚያበቃበትና ረከቦቱ የሚጀምርበት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ነጭ፣ ሌላው ቡናማ። ቀለሞቹ ሲገናኙ ዓይናችን ጠርዝ ያነባል፣ እኛ ደግሞ ያንን ጠርዝ ወረቀት ላይ ስናሰፍረው መስመር እንለዋለን። በሌላ አነጋገር መስመሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ስኒው አልሰጠሽም። አንቺ ካመጣሽው ደግሞ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሳሳ፣ የት ጭራሽ እንደሚጠፋ መወሰን ያለብሽም አንቺ ነሽ።

ይህን በድንጋይ ላይ ማየት ከፈለግሽ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የአንበሳ ሐውልት ጋ ሂጂ። የፈረንሳዊው ቀራጭ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን አጠገቡ ፎቶ ተነስተናል፣ ማን ልብ ብሎ አየው ግን? እዚያ ላይ የምታያቸው መስመሮች ማንም በቀለም ያሰመራቸው አይደሉም። የተጠረበው ድንጋይ ጠርዝ የሚጥለው ጥላ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የምታይው መስመርና አሥር ሰዓት ላይ የምታይው አንድ አይደለም፤ ፀሐይ ስትዞር ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ደመና ሲሆን ደግሞ ግማሹ ይሟሟል። አንድ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ሄደሽ ሳይው። ወረቀት ላይ ያለ መስመርም እንደዚያው ብርሃን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። አብዛኛው ጀማሪ አንድ ረጅም ጠርዝ ሲያይ ይፈራና በትንንሽ ጭረት እየቀጠለ ይሄዳል። አንድ፣ ሌላ በላዩ፣ ሌላ በጎኑ። መጨረሻ ላይ የተንጨባረረ ፀጉር ይመስላል። እኔ ፀጉራም መስመር ነው የምለው። ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ከእጅ አንጓ። አንጓሽ አጭር ቅስት ነው የሚሠራው፣ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ ካስኬድሽው ይጠማዘዝብሻል፣ ስለዚህ ታቋርጫለሽ። ክርንሽ ረዘም ያለ ቅስት ይሰጥሻል። ትከሻሽ ደግሞ ከዚያም የበለጠ።

እናትሽ እንጀራ ስትጋግር አስተውለሻል? ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ታስገባዋለች። አንጓዋ አይደለም የሚሠራው፣ ክንዷ በሙሉ ነው። ዓይኗም የሚፈሰው ሊጥ ላይ ብቻ አይደለም፣ ቀጥሎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። መሃል መንገድ ላይ ብታመነታ ወይ ቀዳዳ ይቀራል፣ ወይ አንዱ ጎን ይወፍራል። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ምርጥ ክብ መስመሮች ግማሾቹ ምጣድ ላይ የተሠሩ ናቸው፣ ቀልዴን አይደለም።

እንደዚያው አድርጊ። ወረቀቱን ትልቅ አድርጊው፣ ኤ3 ይሁን። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርገሽ ያዢ። መጀመሪያ ወረቀቱን ሳትነኪ በአየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገዱን ሂጂበት። ከዚያ ዓይንሽን መድረሻው ላይ ጣይና አንዴ ሳቢ። ተሳሳተ? አታጥፊው። ከጎኑ ሌላ ሳቢ። የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ መስመሮች ያስጠሉሻል፣ ይህ የሁሉም ሰው ነው። ግን ከስሕተቱ ውስጥም ቢሆን ያልተቆራረጠ መስመር ፍጥነት ይኖረዋል። ተመልካች የእጅሽን ፍጥነት ያነባል፤ እንዴት እንደሆነ ላያውቀው ይችላል እንጂ ያነባል።

ስለ እጅ ካነሳን አንድ ጥንታዊ ወሬ ላውጋሽ። አፔሊስ የሚባል የግሪክ ሰዓሊ ሮድስ ደሴት የሚኖረውን ሰዓሊ ፕሮቶጀኒስን ሊጠይቅ ሄደ። አላገኘውም። አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች። «ማን መጣ ልበል?» ስትለው፣ ስሙን ከመናገር ይልቅ እዚያ ተዘጋጅቶ የቆመ ሰሌዳ ላይ በጣም ቀጭን መስመር አሰመረና ሄደ። ባለቤቱ ተመልሶ መስመሩን ሲያይ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። በሌላ ቀለም ከዚያ የባሰ ቀጭን መስመር እዚያው ላይ ጨመረበት። አፔሊስ ተመልሶ መጣና በሦስተኛ ቀለም ሁለቱንም ሰንጥቆ አሳለፈበት። ፕሮቶጀኒስ ተሸነፍኩ አለ። ሰሌዳው ሦስት መስመር ብቻ ይዞ ሮም ድረስ ደርሶ ነበር ይባላል፣ በኋላ በእሳት ጠፋ። ሮማዊው ፕሊኒ ነው የጻፈው፣ ምን ያህል እንደተጋነነ አንቺ ፍረጂ። እኔ የምወደው አሮጊቷን ነው፤ ስም ጠይቃ መስመር ሰጧት።

ከመንቀጥቀጡ ስትድኚ የሚጠብቅሽ ሌላ በሽታ አለ፣ እሱ ነው ገዳዩ። ሽቦ መስመር። ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ እንደ ታጠፈ ሽቦ። ያንቺ የኮምፒውተር ጀበና ሽቦ ነው።

ጀበናውን እንደገና አብረን እንሳለው። ማቶቱ ላይ ተቀምጧል። ውሃና ቡና ይዟል፣ ክብደት አለው። ያ ክብደት የሚያርፈው ሆዱ ማቶቱን በሚነካበት ቦታ ነው። እዚያ ጫን በይ። ከሁሉም ቦታ የወፈረና የጠቆረ መስመር እዚያ ይሁን። ብርሃን ከመስኮት፣ ከግራ በኩል እየመጣ ነው እንበል። በግራ በኩል ያለውን የሆዱን ጠርዝ ሳሳ አድርጊው፤ ብርሃኑ በጣም በሚመታበት ቦታ ላይ ደግሞ ጨርሶ ልቀቂው። አዎ፣ ክፍት ተይው። አትፍሪ፣ ሆዱ አይፈስም። ዓይን ራሱ ይዘጋዋል። በቀኝ በኩል መስመሩ ይመለሳል፣ ጥላው ውስጥ ሲገባ ይወፍራል። እጀታው ወደ እኛ ከመጣ ጠንከር፣ ከአንገቱ ጀርባ ከገባ ደግሞ አንገቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ቆርጠሽ አቁሚው። ያቺ ትንሽ ክፍተት «ይህ ኋላ ነው» ትላለች። ቃል አልተጠቀምሽም፣ ጥላ አልቀባሽም፣ ግን ጀበናው ክብ ሆነ፣ ከበደ፣ ብርሃንም አገኘ።

ከዚያ አሥር መስመር ብቻ ተጠቅመሽ ሳይው። ከዚያ በአምስት። ከዚያ በሦስት። በሦስት መስመር ጀበና ሲሆን የትኞቹ እንደቀሩ ልብ በይ፣ እነሱ ናቸው ጀበናውን ጀበና ያደረጉት። የቀረው ማሟያ ነበር።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ የሚያነሳውን ጥያቄ አንቺም ልታነሺ ነው። «ታዲያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስመሩ ዙሪያውን እኩል ጥቁር አይደል? እሱስ ለምን አልሞተም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔንም ለብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። በባህላዊው አሣሣል ንድፉ ይወጣል፣ ቀለሙ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሞላል፣ ጥቁሩ መስመር ደግሞ በመጨረሻ ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የውሳኔ መስመር ነው። ጥላ የለ፣ ርቀት የለ፣ ሁሉን ነገር መናገር ያለበት እሱ ነው። የልብሱን እጥፋት ተመልከቺ፤ ጎን ለጎን የሚወርዱት ጭረቶች ምትና ዜማ አላቸው፣ ጉልበት ላይ ሲደርሱ ይጠጋጋሉ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ይለያያሉ። ፊት ደግሞ አለ። ጻድቅ ከሆነ ፊቱ ወደ አንቺ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን። ከሃዲ ወይም ርኩስ መንፈስ ከሆነ በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። አንድ የፊት ጠርዝ መስመር ሰውየው የት እንደሚገባ ነገረሽ! ይህ ውፍረት ሳይቀያየር የሚኖር መስመር ነው። ስለዚህ ውፍረት መቀያየር አንዱ መንገድ እንጂ ሕጉ አይደለም። ጀማሪ ስለሆንሽና ጀበና ስለሳልሽ እሱን ቀድሜ ነገርኩሽ።

ቅርብ ስለሆንሽ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጎብኚ። የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሥዕሎቹን እዪ፣ የብራና ሥራ ካገኘሽም እንዳታልፊው። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ብራናውን ዳርና ዳር ይበሳሳዋል፣ ከዚያ ከቀዳዳ ቀዳዳ በዱልዱም ጫፍ ያለ ቀለም ያሰምርበታል። በጎን ብርሃን ካየሽው ስርጉድ መስመሮቹ ይታያሉ። ማንም እንዲያነባቸው አልተሠሩም፣ ጽሑፉ ግን በነሱ ላይ ነው የተቀመጠው። ለገጽ ሠሪ እንዳንቺ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፤ የማይታይ መስመርም መስመር ነው። አራት ኪሎ ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈውን ሕዝብ እዪው፤ ሰዎቹ ተራርቀው ነው የቆሙት፣ አንቺ ግን አንድ መስመር ነው የምታይው። ገጽሽ ላይ ጽሑፎቹ በአንድ ጠርዝ ከጀመሩ እዚያ ላይ ተጨማሪ ጭረት ማስመር አያስፈልግሽም።

ከብራና ካነሳን ፊደላችን ራሱ የመስመር ትምህርት ቤት ነው። «ለ»ን ውሰጂ። በቀኝ እግሩ መሃል ላይ አጭር ጭረት ብታክዪበት «ሉ» ሆነ። እዚያችኑ ጭረት ወደ እግሩ መጨረሻ ብታወርጃት «ሊ»። የቀኝ እግሩን አስረዝመሽ የግራውን ብታሳጥሪው «ላ»። አንዲት ጭረት ቦታ ስትቀይር ድምፁ ይቀየራል። የብርዑ አፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቆረጥ ደግሞ ቁልቁሉ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ወፍራሙ ጭረት ፊደሉን ያቆመዋል፣ ቀጭኗ ደግሞ ታናግረዋለች።

ይህን በመከራ ነው የተማርኩት። ድሮ ለአንድ ቡና ቤት ታፔላ ሠራሁ። ወጣት ነበርኩ፣ «ዘመናዊ» ፊደል ልፍጠር ብዬ ሁሉንም ጭረት እኩል አወፈርኩት። የ«ቡ» ጭረት ከጎኗ ካለው ፊደል ጋር ስለተጋጨችብኝ ትንሽ አሳጠርኳት፣ ትንሽ ደግሞ ወደ ታች ገፋኋት። ኮምፒውተሩ ላይ እንዴት ያምር ነበር! ተሰቀለ። ከመንገዱ ማዶ ሲነበብ «ቢና»። የሰፈሩ ጎረምሶች «ቢና ቤት» ብለው ስም አወጡለት፣ ባለቤቱም የቀረውን ክፍያ ለመስጠት ብዙ ወር ፈጀበት። አልፈርድበትም።

«አግድም መስመር ሰላም ነው፣ ቁልቁል ኃይል ነው፣ ሰያፍ እንቅስቃሴ ነው፣ ጥምዝ ሴትነት ነው» የሚለውን የትም አንብበሽው ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትንሽ እውነት አላቸው፤ የተኛ ሰው አግድም ነው፣ የቆመ ቁልቁል፣ የሚሮጥ ወይም የሚወድቅ ያጋደለ። አራተኛውን ተይው። ግን ይህን እንደ መዝገበ ቃላት አትጠቀሚበት። ነጠላን እዪ። ጥለቱ ያው ጥለት ነው፣ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ፣ ያው ቀለም፣ ያው ውፍረት። ለበዓል ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ለቅሶ ቤት ሲኬድ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። መስመሩ አልተቀየረም። ቦታው ተቀየረ፣ ትርጉሙ ተገለበጠ። ይህን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፣ እኛ ዲዛይነሮች ነን የምንረሳው።

እርሳስ ልቀይር ወይ ላልሽው፣ በቋንቋችን «እርሳስ» ሁለት ነገር ነው፤ የሚጽፈውም፣ ብረቱም። የሚጽፈው ውስጥ ግን ብረቱ የለም፤ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ከ1795 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳዊው ኮንቴ ዘዴ ሁለቱን ቀላቅለው ይተኩሱታል። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ኤች ይሆናል፣ ይቀጥናል። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ቢ ይሆናል፣ ይጠቁራል። አንቺ ያለሽ ኤችቢ መሃል ላይ ነው። አንድ 2ቢ እና አንድ 6ቢ ጨምሪ፣ በቃ። በመቅረጫ ሳይሆን በምላጭ ቅረጪው፣ ጫፉ ረዘም ይበል፣ ስታጋድዪው ወፍራም፣ ስታቆሚው ቀጭን እንዲሰጥሽ። ውድ ነገር አትግዢ።

ብረቱ እርሳስ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚጠቅምሽ። በባህላዊው የቀለም መስታወት ሥራ ቁርጥራጮቹን እርስ በእርስ የሚያያይዘው እሱ ነው። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ፣ የሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የቀለም መስታወት መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። ፎቶውን በትልቁ ክፈቺው። ጥቁሮቹን መስመሮች ብቻ ተከትለሽ ሂጂ፣ ቀለሙን እርሺው። እንዲህ ባለ ሥራ መስመር ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ተሸካሚም ነው። የት እንደሚያልፍ ሰዓሊው ቀድሞ ካላሰበ ፊት መሃል ላይ ይቆርጣል። ብርሃን ከኋላ ሲመጣ ቀለሙ ይነድዳል፣ መስመሩ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ መደበቅ አይቻልም።

ነጻ ወደሆነው መስመር መሄድ ከፈለግሽ እስክንድር ቦጎሲያንን እዪ። የክታብ ጥቅልሎቻችንን ዓይንና ሐረግ ወደ ዘመናዊ ሸራ ያመጣ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ጁሊ ምሕረቱ አለች፣ በ1970 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደች፣ ልጅ ሆና አሜሪካ የሄደች። በብዙ ሥራዎቿ ከታች የሕንፃ ንድፍ አለ፣ አርክቴክት እንደሚሠራው ቀጭንና ቀዝቃዛ። በላዩ ደግሞ በእጅ የተወረወሩ ጭረቶች ይርመሰመሳሉ። ኒውዮርክ ያለው በ2009 እ.ኤ.አ. የጨረሰችው ሥራዋ ወርዱ 24 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ዓይነት መስመር አንድ ላይ ስታይ ያንቺም ችግር ይገባሻል፤ የማስመሪያ መስመር በራሱ ኃጢአት የለበትም፣ ብቻውን ሲቀር ነው የሚደርቀው።

በይ አሁን ወደ እንጀራሽ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ። እዚህ ብዙ አልሰብክም፣ የሚያስለቅሱሽን ብቻ ልንገርሽ።

«ሄርላይን» የሚለውን አትጠቀሚ። ማሽኑ የሚችለውን ያህል ቀጭን አድርጎ ያወጣዋል፣ ስለዚህ በቢሮ ፕሪንተር ታይቶሽ በማተሚያው ፕሌት ላይ ይጠፋል። ከ0.25 ፖይንት በታች አትውረጂ፤ ይህ ራሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያነሰ ነው። ጥቁር ላይ ነጭ መስመር ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ስለሚውጠው ቢያንስ እጥፍ አድርጊው። ቀጭን መስመር በአንድ ቀለም ብቻ ይሁን፤ ከሦስት አራት ቀለም ከተሠራ ትንሽ ሲንሸራተት የቀስተ ደመና ጭራ ያበቅላል። ሎጎ ጨርሰሽ ከማስረከብሽ በፊት ስትሮኩን «ኤክስፓንድ» አድርጊው፣ ማለትም መስመሩን ወደ ቅርጽ ቀይሪው። ካልሆነ ቢዝነስ ካርድ ላይ ያማረው መስመር ባነር ላይ ክር ይሆናል፣ ወይም ሲያንስ ዱላ ይሆናል።

የሠርግ ጥሪ ላይ ዙሪያውን ፍሬም ካላደረግሽ የሚሞቱ ደንበኞች አሉ፣ አውቃለሁ። ፍሬሙን ከሚቆረጠው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር አርቂው። መቁረጫው አንድ ሚሊ ሜትር መሳቱ አይቀርም፣ ፍሬሙ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ በአንድ ጎን አንድ፣ በሌላው ጎን ሦስት ይሆንና ሙሽሮቹ ያጋደሉ ይመስላል። አማቶች ይህን አይተው ዝም አይሉም።

ስለ ውፍረት ደግሞ ከቴክኒክ ንድፍ ሰዎች ቅጂ። የነሱ ብዕሮች 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 ሚሊ ሜትር እያሉ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ካለፈው 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ ያነሰ ልዩነት ዓይን በደንብ ሳይለየው ይቀርና ስሕተት ይመስላል። በአንድ ገጽ ሦስት ውፍረት ይበቃሻል። እኩል የለካሻቸው አግድምና ቁልቁል መስመሮች እኩል አይመስሉም፣ አግድሙ ወፍሮ ይታያል፤ ሎጎ ስትሠሪ አግድሙን ትንሽ ቀንሺለት። በኮምፒውተር ጥምዝ ስትስዪ ነጥብ አታብዢ። ያ ጥምዝ መሣሪያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሬኖ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ በነበረው መሐንዲስ በቤዚዬ ስም ነው የሚጠራው፤ የመኪና ቆርቆሮ እንዲለሰልስ የታሰበ ነገር ነው፣ አንቺ በሃያ ነጥብ ካጎበጥሽው ፀጉራሙን መስመር በኮምፒውተር ደገምሽው ማለት ነው። ለጀበናው ሆድ አራት ነጥብ በቂ ነው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ።

ለዚህ ሳምንት ይህን አድርጊ። ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አታብዢው። ሦስት ቀን መስመር ብቻ በትከሻሽ ሳቢ፣ ላጲስ ቤት ይቅር። አራተኛው ቀን ላይ ከማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ቆመሽ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር ተመልከቺ፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ የመብራት ምሰሶው፣ የሕንፃዎቹ ፎቅ መስመር ሁሉ ወዴት እንደሚሰበሰቡ በአምስት ጭረት ብቻ ያዢው። የቀሩትን ቀናት ቡና የምትጠጪባት ልጅ ጋ ቁጭ ብለሽ ጀበናዋን ሳይ። አስፈቅደሻት ደግሞ፣ ስኒም እዘዢ እንጂ።

የድሮውን ጀበና አትቅደጂው። አዲሱን ከጎኑ አድርገሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ። መጀመሪያ የማየው ሆዱ ማቶቱ ላይ ያረፈበትን ቦታ ነው።